ወደ አንገት የወጣ ጥለት

ወንጌላዊት ከኮሪያ ስትመለስ ሽቶና ቸኮሌት የጠበቀ ዘመድ ሁሉ አፈረ። ሻንጣዋ ውስጥ የነበረው ጨርቅ ነው። ጨርቅ ደግሞ ባሕር ዳር አልጠፋም፤ እኔው ግሽ አባይ ውስጥ ሱቅ ከፍቼ ስሸጥ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፤ አባቴም ወረታ ውስጥ ዕድሜውን የጨረሰው ጣቃ ሲዘረጋና ሲጠቀልል ነው። ስለዚህ እኔ ኡሙሰልማ ጨርቅ አይቼ አፌን የምከፍት ሴት አይደለሁም። ልጅቷ ግን የስፌት መኪናዋ የሚቀመጠው ሱቄ ጥግ ስለሆነ፣ መጀመሪያ የዘረጋችው እኔ ፊት ነበር።

"ይዳስሱት እስኪ፣ እትዬ" አለችኝ።

ዳሰስኩት። ከመሳሳቱ የተነሳ ጣቶቼ በሥሩ ይታያሉ። እንደ ነጠላ ግን እጥፍ ብሎ አይወድቅም፤ ቆም ይላል፣ ይቀዘቅዛል። ወርዱ ጠባብ ነው፤ ሁለት ስንዝር እንኳ አይሞላም።

"ጥጥ አይደለም" አልኋት። "ሐርም አይደለም። ምንድን ነው?"

"ሞሺ ይሉታል። ከተክል ልጥ ነው። ሴቶቹ ልጡን በጥርሳቸው እየሰነጠቁ፣ ጭናቸው ላይ እያሹ ይቀጥሉታል። ተክሉ የሳማ ዘመድ ነው።"

"ሳማ? የሚለበልበው?"

"ይሄኛው አይለበልብም።"

"ወላሂ! ሁለት ዓመት ሙሉ ባሕር ተሻግረሽ ሳማ ልታለብሺን ተምረሽ መጣሽ?"

ሳቀች። ያን ጊዜ ገና ትስቅ ነበር።

ወንጌላዊት የደመወዝተኛ ልጅ ናት። አባቷ ፋብሪካ ሲሠሩ ኖረው ከሞቱ ቆይተዋል። እሷም እዚሁ ከተማ ስለ ጨርቃ ጨርቅ ተምራ፣ ልብስ ፋብሪካ ገብታ፣ ሦስት ዓመት የሌላ ሰው ሸሚዝ ስህተት ስትለቅም ቆየች። ከዚያ ነፃ የትምህርት ዕድል አገኘችና ሄደች። ኮሪያ ያስተማረቻት አሮጊት ሥራዋ አንድ ነገር ነው። የአገራቸው ልብስ ሀንቦክ ይባላል፤ ድሮ የዘወትር ልብስ ነበር፤ አሁን እንደ እኛ የሐበሻ ቀሚስ ለሠርግና ለበዓል ካልሆነ ከሣጥን አይወጣም። አሮጊቷ ያንን ልብስ ከሣጥን አውጥታ ሥራና ገበያ እንዲውል ታደርገዋለች። ወንጌላዊት በዚህ ተለከፈች። አሮጊቷም በስፌት ቤቷ ለአንድ ዓመት አብሯት የሚሠራ አንድ ሰው ልትወስድ ስለፈለገች፣ ተማሪዎቿን ንድፍ አስገቡ አለቻቸው። የወንጌላዊት ንድፍ ተመረጠ። የቀረው መስፋትና ማስለበስ ብቻ ነበር። ልብሱን ከሰፊዋ ሌላ የሆነ ተራ ሰው፣ በዘወትር ሥራው ላይ ሠላሳ ቀን ሊለብሰው፣ በየቀኑም ፎቶ ሊነሳ ይገባል። ፎቶው ከፋሲካ በፊት ከደረሰ ቦታው የእሷ ነው።

ስለዚህ ለሦስት ወር ብላ መጣች። ሦስት ወር እናቷን ልታይ፣ ሰፍታ አስለብሳ ልትመለስ።

በመጣች በወሩ ታናሽ ወንድሟ ባምላክ እህል ሊገዛ ወደ ቆላ ድባ ሄደ። በየዓመቱ የሚሄድበት መንገድ ነው፤ ሐይቁን ዞሮ ደምቢያ ገብቶ፣ ከአንድ የእህል ነጋዴ ቤት አርፎ፣ በሁለት ሳምንት ይመለሳል። በነሐሴ መንገዱ ተዘጋ። ስልኩም እዚያ በኩል ጠፋ። እዚህ ደግሞ ኢንተርኔቱ ቆመ። እኛ ሁላችን ባሕር ዳር ውስጥ፣ እንደ ተከደነ ድስት፣ ከነእንፋሎታችን ቀረን። መስከረም ጠባ፣ ገና መጣ፣ ጥምቀት አለፈ፤ ከባምላክ አንዲት ቃል አልተሰማም።

እናታቸው እናትዓለም ጎረቤቴ ናት፤ ከወጣትነታችን ጀምሮ የምንሟገት ወዳጆች ነን። ልጇ በጠፋ በሦስተኛው ወር አንድ ነገር ጀመረች። ለቅሶ መሄድ አቆመች። በእኛ ሰፈር ለቅሶ የማይደርስ ሰው ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ። ዕድሩ ቀጣት፣ ሴቶቹ አኮረፉ። ምክንያቱን የነገረችው ለእኔ ብቻ ነው።

"እዚያ ከሄድሁ ነጠላዬን ላዘቀዝቅ ነው" አለችኝ። "ጥለቱን ወደ አንገቴ ላወጣ። የኔ ልጅ የት እንዳለ ሳላውቅ፣ ለሰው ብዬ እንኳ አላወጣም።"

ከቤት ስትወጣ መስታወት ፊት ትቆምና የነጠላዋ ጥለት ወደ ታች መሆኑን ታያለች። አንዴ ንፋስ ገልብጦባት መንገድ ላይ ቆማ ስታስተካክል አይቻታለሁ። እኔ የማላፍር ሴት ያን ቀን ፊቴን አዞርኩ።

ወደ ልብሱ ልመለስ። የወንጌላዊት ሐሳብ እውነቴን ነው፣ ብልህ ሐሳብ ነበር። ነጠላ ሥራ ለሚሠራ ሰው ጠላት ነው። ምስር ስትለቅሙ ይንሸራተታል፣ ባጃጅ ስትሳፈሩ ይያዛል፣ ልጅ ስታነሱ መሬት ይነካል፤ የሴት ግማሽ ቀን ነጠላ ወደ ትከሻ ስትመልስ ያልቃል። የሀንቦክ የላይኛው ልብስ ግን እጅጌ አለው፣ ደረት ላይ ተደራርቦ ይታሰራል። አንገቱ ዙሪያ ጠባብ ነጭ ቅዳጅ በላላ ስፌት ወስወስ ይደረግበታል፤ ፈጥኖ የሚቆሽሸው አንገት ስለሆነ፣ እሷን ብቻ ፈትተው ያጥቡና መልሰው ይሰፏታል። ወንጌላዊት በሞሺው እጅጌ ያለው ነጠላ ልትሰፋ፣ በነጩ ቅዳጅ ፈንታ ደግሞ የእኛን አገር ጥለት ልታደርግ ነበር። አሮጊቷ የወደደችው ይሄን ጥለት ነው።

ወንድሟን ስትጠብቅ ሦስት ወሩ አለፈ፤ በታኅሣሥ መጨረሻ መርፌ አንስታ ጠባቡን ጨርቅ እየቀጣጠለች ሁለት ወር ሰፋችው። ስፌቱ ከውስጥም ከውጭም አንድ ነው፤ ገልብጣችሁ ብትለብሱት ማንም አያውቅም። ያንን ለማድረግ አንዱን መስመር ሦስት ጊዜ ትሰፋለች። መብራት ሲጠፋ በእጇ ትቀጥላለች። በየካቲት መጨረሻ ጥለቱን አንገቱ ላይ አድርጋ ጨረሰችና ለብሳው ከመጋረጃው ኋላ ወጣች።

እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም። "ልጄ" አልኋት፣ "ማን ሞተብሽ?"

ሳቀች። ቀጥሎ ወደ መስታወቱ ዞረች። ሳቋ ፊቷ ላይ እንዳለ ቆመ።

ቀሚስ አንገት ላይ ጥልፍ ሞልቷል፤ ማንም ምንም አይልም። ይሄ ግን ጥልፍ አይደለም። ስስ ነጭ ጨርቅ ትከሻ ላይ ተጥሎ፣ ጥለቱ ማጅራት ዞሮ ደረት ላይ ተሻግሮ ሲታይ፣ ከሩቅ ነጠላዋን ያዘቀዘቀች ሴት ናት። ሌላ ምንም አይደለችም። ንድፉን የሣለችው ሁለት ዓመት የሰው አገር አንገት ስታይ ከርማ ነው፤ እዚያ አንገት ላይ ያለ ቅዳጅ ንጽሕና እንጂ ሐዘን አይደለም። የእኛ ዓይን ምን እንደሚያይ ረስታዋለች። ከልጅነቷ ስታየው ያደገችውን ነገር!

ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ስልክ ለምና ወደ ኮሪያ ደወለች። የስፌት ቤቱ ጸሐፊ ትሑት ልጅ ነው አሉ፤ በትሕትና መለሰላት። የሚለበሰው የጸደቀው ንድፍ ነው፤ ጥለቱ ከወጣ ሌላ ልብስ ነው፤ ለሌላ ልብስ ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት ማመልከት ይቻላል። ሁለተኛ ልብስ የምትሰፋበት ሞሺም አልቀረላትም።

የሚለብስላት ሰው ፍለጋ ጀመርን። ማህሌት የምትባል የኮሌጅ አስተማሪ ደንበኛችን ለካችው፣ ወደደችው፣ መስታወት አየች፣ አወለቀች። "ባሌ እኮ በሕይወት አለ" አለች። ሌላዋ ነፍሰ ጡር ነኝ አለች። የእኛ የሙስሊሞቹ ሴቶች ይለብሱታል ብዬ ነበር፤ ግን እኛም ለቅሶ ቤት አብረን ነው የምንውለው፣ ምልክቱን ማን ያጣዋል። በመጨረሻ እኔው ልልበሰው አልኩ። እጅጌው ክርኔ ላይ ቆመ፣ ትከሻዬ ላይ አንዱ ስፌት ጠጥ ብሎ ሊተረተር ሲል ሁለታችንም ሰማን። ሰውነቴን የረገምኩት ያን ቀን ነው፤ ዛሬም ድረስ እረግመዋለሁ።

ወንጌላዊት ልብሱን አንጠልጥላ መኪናዋ ፊት ተቀመጠች። "አበቃ፣ እትዬ" አለችኝ። "እዚሁ ልቀር ነው። አየር እያጠረኝ ነው።" ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ እንደዚያ ቀን ግን ያረጀች አይቼ አላውቅም።

እዚህ ላይ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ልናገረው። ለእናቷ ነገርኩባት። ልጅቷ አንድም ቃል አልተነፈሰችም ነበር፤ እናቷን ልትጠይቅ በሐሳቧም አልመጣላትም። እኔ ግን ተናድጄ እናትዓለም ቤት ገባሁና፣ ልጅሽ በአንዲት ክንድ ጥለት ምክንያት እዚህ ልትበሰብስ ነው ብዬ ዘረገፍሁት። እናትዓለም ምስር ትለቅም ነበር። መልቀሟን አላቆመችም።

በማግሥቱ ሱቅ መጣች።

"ልብሱን አምጪው" አለች።

ወንጌላዊት ቆመች። "እማዬ፣ አይሆንም።"

"አምጪው አልሁሽ።"

"ሰው ምን ይልሻል? አንቺስ… ባምላክን…"

"ባምላክ በሕይወት አለ። ጨርቅ አይገድለውም። ሠላሳ ቀን ከጠየቁኝ ሠላሳ ቀን እመልስላቸዋለሁ። አንቺ ግን እዚህ አትቀሪም።"

ልክክ አላት። ቀጭን ናት፤ ልጇ ከጠፋ ወዲህ ደግሞ ይበልጥ ቀጥናለች። መስታወቱን አላየችም፤ ደረቷ ላይ አስራ ወጣች። ወንጌላዊት መጋረጃው ኋላ ገብታ አለቀሰች፤ እኔም ከደንበኛ ጋር መጨቃጨቅ ስላቃተኝ ያን ቀን ሱቁን ዘጋሁት።

ፎቶ አንሺዋ እኔ ሆንኩ። የመጀመሪያው ቀን ገበያ ላይ ሽንኩርት ስትመርጥ። ሁለተኛው የውኃ ወረፋ ላይ። ሦስተኛው ባጃጅ ውስጥ። በየደረሰችበት ሰው ይነሳላታል፣ ድምፁን ይቀንሳል፣ "እግዜር ያጥናዎት" ይላታል። እሷም ትመልሳለች፤ "የሞተብኝ የለም። የልጄ ሥራ ነው የለበስሁት።" ያችኑ ቃል፣ በዚያው ድምፅ። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ አንዲት ሴት አቅፋት ማልቀስ ስትጀምር፣ እስክትጨርስ ታቅፋ ቆየችና ነገረቻት። በስምንተኛው ቀን ጎረቤት በሰፌድ ንፍሮ ይዛ መጣች፤ እናትዓለም አመስግና ሳትቀምስ መለሰችው። እኔ እነዚያን ሰዎች ሁሉ ልሰድባቸው ይዳዳኝ ነበር። ግን ምን ብዬ? ያዩትን ነው ያዩት።

አንዳንዱ ማመን አልፈለገም። መርዶውን ሰምታ ደብቃ ነው አሉ። ዕድሩም ግራ ገባው፤ ለቅሶ የማትደርስ ሴት በሐዘን ልብስ ስትዞር ማን ምን ያድርግ።

ልብሱ ግን፣ እውነቱን ልፍረድ፣ ይሠራል። ሽሮ ፈሰሰበት፣ ለቀቀ። አቧራ አይይዝም። ዘወትር ቅዳሜ ወንጌላዊት ጥለቱን ትፈታዋለች፣ ታጥበዋለች፣ ፀሐይ ላይ ታሰጣዋለች፣ መልሳ በዚያ በሚስጥራዊ ስፌቷ ትወሰውሰዋለች። በአሥራ ስድስተኛው ቀን ከእናትዓለም ጋር ሐይቁ ዳር ሄድን፤ ከጎርጎራ በኩል ጀልባ ከመጣ ሰው ልትጠይቅ እሷ በየሳምንቱ ትሄዳለች። ያን ቀንም ጀልባ አልመጣም። ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ሁለት እጇን ወደፊት ዘረጋች።

"አይንሸራተትም" አለችኝ። "ነጠላዬን ሳልይዝ ውዬ አላውቅም ነበር። ሁለት እጄ ተፈታ፣ ኡሙሰልማ።"

ፎቶውን ያነሳሁት እንደዚያ እንዳለች ነው። ፈገግ ብላለች።

ሠላሳኛው ቀን ቅዳሜ ነበር። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ እናትዓለም በር ደጃፍ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች፤ ወንጌላዊት ጥለቱን ልትፈታ መርፌና መቀስ ይዛ ከኋላዋ ቆማለች። "ቆይ፣ መጀመሪያ ፎቶውን ላንሳ፣ መጨረሻው ነው" እያልኩ ስልኬን ከቦርሳዬ አወጣሁ። ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር። በጠዋቱ አውሮፕላን ሰኞ አዲስ አበባ የሚሄድ፣ ፎቶዎቹን ይዞ ከዚያ የሚልክልን ሰው አግኝተናል።

አንድ ጋቢ የደረበ ሰው በመንገዱ መጣ። አቧራ የጠጣ፣ ቤት የሚፈልግ ሰው አረማመድ ነበረው። ደጃፋችን ሲደርስ እናትዓለምን አየ፤ ዓይኑ ከፊቷ ወደ አንገቷ ወረደ። ወዲያው ትከሻው ላላ። ኮፍያውን አወለቀ።

"ሰምታችኋል ለካ" አለ። "እኔ ደግሞ መንገዱን ሙሉ እንዴት ብዬ ነው የምነግራቸው፣ መጀመሪያ የሰፈር ሽማግሌ ልፈልግ እያልሁ ነበር። እግዜር ያጥናዎት፣ እናቴ።"

እናትዓለም ከምስሩ ቀና ሳትል መለሰች። "የሞተብኝ የለም ጌታዬ። የልጄ ሥራ ነው የለበስሁት።"

ሰውዬው እሷን አየ፣ ወንጌላዊትን አየ፣ እኔን አየ። ከዚያ ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ ፊቱን ሸፈነበት።

ምስሩ ላይ የነበረው የእናትዓለም እጅ ቆመ።

"ማን ነህ አንተ?"

"አዘዘ ነኝ" አለ ከኮፍያው ኋላ። "ባምላክ የሚያርፍብኝ፣ የቆላ ድባው።"

መርዶ ወግ አለው። ሽማግሌዎች ተሰብስበው፣ ዘመድ ተጠርቶ፣ የሚይዛት ሴት ከጎኗ ተቀምጣ ነው የሚነገረው። ይሄ ሰው ወጉን የሚያውቅ ሰው ነው፤ ወጉ እንደተፈጸመ የነገረው ልብሱ ነው። በኅዳር፣ በወባ፣ መድኃኒት ሳይገኝ። እዚያው ቤተ ክርስቲያን ቀብረውታል። መንገድ ባገኘ በመጀመሪያው ቀን ነው አዘዘ የተነሳው።

ወንጌላዊት ጮኸች። ሰፈሩ ወጣ። እናትዓለም ግን ሴቶቹ ሲደርሱ እንኳ ከበርጩማዋ አልተነሳችም። ነጠላ ያደረጉት ሁሉ ደጃፉ ላይ ቆመው ያዘቀዝቁ ጀመር፤ ጥለታቸውን ወደ አንገታቸው ሲያወጡ አየኋቸው። እሷ የምታዘቀዝቀው አልነበራትም። እጇ አንገቷ ላይ ሄዶ ጥለቱን ዳሰሰ፣ ወደ ታች ሳበው፤ የተሰፋ ነውና አልወረደም።

ከሰዓት በኋላ፣ ድንኳኑ ሲተከል፣ በዓይኗ ጠራችኝ።

"አንሺኝ" አለች።

"ምን?"

"ፎቶ። ሠላሳ ነው ያሉት።"

"እናትዓለም፣ አላህ ይወድሻል፣ ዛሬ ይቅር።"

"አንዱን ቀብሬያለሁ። አንዷ ትውጣልኝ። አንሺኝ።"

አነሳኋት። እንዴት እንዳነሳሁ አላውቅም።

መልሱ በግንቦት መጣ፤ ኢንተርኔት ካለበት መሥሪያ ቤት ወረቀት ላይ ታትሞ። ቦታው የወንጌላዊት ነው፣ በመስከረም ትጀምራለች። ከፎቶዎቹ አንዱን አጉልተው ለትርኢት ሊሰቅሉት መርጠዋል፤ ሠላሳኛውን። በዚህኛው ልብሱና ለባሿ አንድ ሆነዋል ይላል ደብዳቤው። ወረቀቱን ልቀደው ፈለግሁ። ምን አጠፉ ደግሞ? ሠላሳውም ፎቶ ላይ ልብሱ አንድ ነው፣ ጥለቱም አንድ ቦታ ነው። እነሱ በምን ይለዩት?

እናትዓለም ልብሱን አላወለቀችውም፤ ዓመት ልትለብሰው ነው። ዘወትር ቅዳሜ ጥለቱ ይፈታል፣ ይታጠባል፣ ይሰፋል። ያንን ስፌት የምታውቅ ደግሞ ባሕር ዳር ውስጥ አንዲት ሰው ብቻ ናት። ስለዚህ ወንጌላዊትን አስተምሪኝ አልኋት። ጥለቱን እኔ እሰፋላታለሁ፣ እናትሽን እኔ አያለሁ፣ አንቺ ሂጂ። እናቷም በየቀኑ ሂጂ ትላታለች፤ እሷ ግን እትዬ ስፌቱን ሳይችሉት አልሄድም አለች።

ይኸው ነሐሴ ገባ። መነጽሬን አድርጌ በየቅዳሜው እሰፋለሁ። ወንጌላዊት ትቀበለኛለች፣ ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋ ታየዋለች፣ "ገና ነው፣ እትዬ" ትላለች፣ በመቀሷ ጫፍ ትፈታዋለች፣ እንደገና ራሷ ትሰፋዋለች። ባለፈው ቅዳሜም እንዲሁ አደረገች።

ስፌቴ ቀጥ ብሎ ነበር፤ ከውስጥም ከውጭም አንድ ነበር። ጨርቅ ሳይ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፣ ደህና ስፌት አይጠፋኝም። ምንም አላልኳትም። ክሩን ስትመዝ አየኋት፣ መርፌውንም ለሚቀጥለው ቅዳሜ ተቀበልኳት።